የደምለው ተራ

"አየር መንገዱም ዋስ ይጥራ" አሉ አቶ ይስማው፣ መዝገባቸውን ሳይገልጡ። በደባርቅ የበቅሎ አከራዮች ማኅበር ተራ የሚያስከብሩት እሳቸው ናቸው። ኪራይ በቅድሚያ ካልተከፈለ ወይም ዋስ ካልተጠራ በቅሎ አትጫንም።

ያለምወርቅ የባንክ ካርዷን እንደያዘች ሳቀች። ወላጆቿ አዝለዋት ነው እስራኤል የገቡት። አሁን የእናቷን የልጅነት ባልንጀራ፣ እማማ ጤናዬን ልትጠይቅ መጥታለች። መንደሩ በበቅሎ የሦስት ሰዓት መንገድ ነው፤ አውሮፕላኗ ደግሞ ነገ ከጎንደር ይነሳል። ትኬቱን ስትገዛ አየር መንገዱ ከካርዷ ሁለት ጊዜ ሂሳብ ቆረጠ። ትርፉን እመልሳለሁ ቢልም እስከ አሥራ አራት ቀን ይቆያል። በእጇ የቀራት የጎንደር መሳፈሪያ ብቻ ነው።

"ለመቁረጥስ ስንት ቀን ፈጀበት?"

"አንድ ደቂቃ አይሞላም፣ ጋሼ።"

"ሲወስድ ፈረስ፣ ሲመልስ ኤሊ ነዋ።"

አቶ ይስማው ስልኩን ተቀብለው የአየር መንገዱን ሠራተኛ ራሳቸው አነጋገሩት። ዋስህ ማነው ቢሉት፣ ገንዘቡን የሚመልሰው ኮምፒዩተሩ ነው አላቸው። ኮምፒዩተር ለሰው ዋስ ሆኖ ያውቃል ወይ ብለው ሲጠይቁት መስመሩ ተቋረጠ።

ተረኛው ደምለው በሩ ላይ ልጓሙን ያሻሻል። ዓይን አፋር ነው፤ ከበቅሎው ከኮከብ በቀር ብዙ የሚያወራው የለም። ነገር ግን ልጅቷ ስትገባ የማረሻ ሠሪው የአያ ፀጋው የልጅ ልጅ ነኝ ማለቷ ከሆዱ አልወጣም።

"ጋሼ" አለ መሬት መሬቱን እያየ፣ "አያቴ ያረሱበት የአያ ፀጋው ማረሻ ጫፉ አልቆ እኛ ቤት አለ። አያ ፀጋው ማረሻውን በሰኔ ሰጥተው እህላቸውን በጥር ነበር የሚቀበሉት፤ አባቴ ነው የነገረኝ። ማንንም ዋስ ጥራ አላሉም።"

"እና አንተ ዋስ ልትሆን ነው?"

"ተራዬን አስይዛለሁ። በአሥራ አምስተኛው ቀን ካልላከች የወሩን ተራዬን ለሌላ ስጡት።"

ወሩ ጥር ነው፤ ወደ ተራራው፣ ወደ ሳንቃ በር የሚወጣው ቱሪስት የሚበዛበት። አቶ ይስማው በሩን አሻግረው ኮከብን አዩ።

"በቅሎይቱ ናት እንዴ የተናገረችው?" አሉና መዝገቡን ገለጡ።

ውጭ ያለምወርቅ ፓስፖርቷን በመያዣነት ዘረጋችለት። ደምለው አልተቀበላትም፤ ጎንበስ ብሎ እርካቡን በቁመቷ ልክ አሳጠረው።

"ቶሎ በቅሎዋ ላይ ውጪ፣ እህቴ። እማማ ጤናዬ ከጠዋት ጀምረው መንገድ ላይ ተቀምጠዋል አሉ።"