ሳይበሉ ይምጡ

የቀጠሮው ወረቀት ላይ በትልቁ ተጽፏል፦ «ከምርመራው በፊት ለሦስት ሰዓት ምንም ሳይበሉ ይምጡ።» ሰው ሲበላ ወደ ጉበቱ የሚሄደው ደም ይበዛል፣ ጉበቱም ወጠር ይላል። የጉበትን ጥንካሬ የሚለካው መሣሪያ ምን ያውቃል፤ የጠገበውን ሰው ጉበት እንደታመመ ጉበት ጠንካራ ነው ብሎ ቁጥር ይጽፍለታል። የአልትራሳውንድ ባለሙያዋ ይህን ወረቀት ለስንት ሰው እንደሰጠች አታስታውስም። ለዋርሳዋ፣ ለባሏ ታናሽ ወንድም ግን በቃሏም ነግራዋለች፤ አንዴ አይደለም፣ ሦስቴ።

ባሏ መምህር ነው። ጉበቱ ታሞ ከተኛ አምስት ወሩ ሲሆን፣ ሐኪሞቹ የሚድነው ከጤነኛ ሰው ጉበት ተከፍሎ ከተሰጠው ብቻ ነው ብለዋል። ከሁሉ ቀድማ «የኔን ውሰዱ» ያለችው እሷ ነበረች፤ የደማቸው ዓይነትም አንድ ነው። ባሏ ግን «ሁለታችንም ተቀድደን ከተኛን ልጆቹን ማን ያያቸዋል?» አላት። ይህን ጊዜ ታናሽ ወንድሙ፣ የአውቶቡስ ሹፌሩ፣ ደረቱን ነፍቶ ተነሣ።

«እኔ እያለሁ? ወንድምነቴ ለዚህ ካልሆነ ለመቼ ሊሆን ነው?»

ቤተ ዘመዱ አለቀሰ። እሷም አልቅሳ ጉንጩን ሳመችው። «ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ» የሚባለው ለሌላ ሰው ይመስላት ነበር።

ዘመድ ዘመዱን አይለካም ተብሎ ሁለት ጊዜ የሹፌሩን ጉበት የለካችው ባልደረባዋ ናት። መጀመሪያ ዘጠኝ ወጣ፤ ከወር በኋላ ዘጠኝ ተኩል። የጤነኛ ሰው ከስድስት አይዘልም። ሹፌሩ መጠጥ በአፉ ዞሮ አያውቅም፣ ሸንቃጣ ነው፣ የደም ምርመራውም ንጹሕ ነው። ሐኪሙ ግራ ገብቶት «ለመጨረሻ ጊዜ ይደገም» አለ። እስከዚያ የመምህሩ ፊት ከሳ፣ ዐይኑ ቢጫ ሆነ፣ ሆዱ ውሃ ቋጠረ። ጠዋት ጠዋት «የወንድሜ ቁጥር አልወረደም?» እያለ ይጠይቃታል፤ እሷም «ይወርዳል፣ አይዞህ» እያለች ታባብለዋለች።

በሦስተኛው ቀጠሮ ደንቡን ወዲያ ብላ ራሷ ገባች።

«በልተሃል?»

«ኧረ ውሃም አልቀመስኩ፣ እትዬ።»

ቀኝ እጁን ከራሱ በላይ አሰቅላ፣ በጎድን አጥንቶቹ መሃል ቅባቱን ቀብታ መለኪያውን አሳረፈች። አሥር ጊዜ ለካች። ዘጠኝ ነጥብ ሁለት። ከዚያ ማንም ሳያዛት መለኪያውን ወደ ግራ ገፋ አድርጋ ጨጓራውን አየችው። ጢም ብሏል። ስክሪኑን ወደ እሱ አዞረችለት።

«ይሄ ጨጓራህ ነው። ምን በልተህ መጣህ?»

ሹፌሩ ስክሪኑን አየ፣ ጣሪያውን አየ። «ዳቦ» አለ በመጨረሻ። «ዳቦና እንቁላል።»

«ሦስቱንም ጊዜ?»

«ሦስቱንም ጊዜ።»

ደሟ ፈላ። «ፈራሁ ብትል ማን ይፈርድብህ ነበር? ሰው በቁሙ እየሞተ ትቀልዳለህ?»

ሰውየው ሸሚዙን ጨብጦ ማልቀስ ጀመረ።

«እኔ አልፈራሁም። ብላ ያለኝ እሱ ነው። ወረቀትሽንም አንብቦ መላውን ያገኘው እሱ ነው። ‹እኔ ልዳን ብዬ ማናችሁንም አላስቀድድም፤ ግን እምቢ ካልኩ እሷ አትለቀኝም። ያንተ እስኪጣራ ትጠብቃለች፣ እስከዚያ የኔ ጊዜ ያልፋል› አለኝ። በእናታችን አስማለኝ፣ እትዬ።»

መለኪያውን አስቀምጣ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ያ ሁሉ የጠዋት ጥያቄ ለካ እሷን ለማዘናጋት ነበር። እሷ ቁጥሩ እንዲወርድ ስለት ስትሳል ስትለምን፣ እሱ እንዳይወርድ ቁርስ ያዝዝ ነበር። ስለሚወዳት ነው ብላ ልትጽናና ሞከረች፤ አልሆነላትም። ሹፌሩ ቢዋሻት ዋርሳ ነው፣ ይረሳል። ባሏ ግን ሞቱን እንኳ ደብቋት ከሌላ ሰው ጋር መከረ።

ሹፌሩን አስነሥታ፣ ባልደረባዋን ጠርታ አልጋው ላይ ወጣች።

«እኔን ለኪኝ። ከትናንት ጀምሮ እህል አልወረደልኝም።»

አራት ነጥብ ሦስት ወጣ። ወረቀቱን አሳትማ፣ ቅባቱን እንኳ በደንብ ሳትጠርግ ወደ ተኝቶ ታካሚዎች ክፍል ወጣች። መምህሩ ሲያያት ፈገግ አለ።

«እሺ፣ የወንድሜ ቁጥር ወረደ?»

ወረቀቱን ብርድ ልብሱ ላይ አኖረችው።

«የኔ ነው። ወንድምህ የበላውን ነግሮኛል።»

ፈገግታው ጠፋ። «ብነግርሽ እሺ አትይኝም ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ልጆቹ…»

«በልጆቹ አታመካኝ። አልቀበልም ማለት መብትህ ነው፤ ማንም አስገድዶ አይቀድህም። ግን ከጀርባዬ አይሆንም። ዐሥራ አራት ዓመት አንድ ትራስ ላይ ተኝተናል። ዐይኔን እያየህ ‹አልፈልግም› በለኝ።»

ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። መምህሩ ወረቀቱን አንሥቶ አነበበው። ደግሞ አነበበው። ያለው አንድ ቁጥር ነው፤ እሱ ግን ከዚያች ቁጥር ላይ ቀና ማለት አቃተው።