የመቶ አለቃው ወንድም

ልብስ ሰፊዋ ፊልም ማየት የጀመረችው ባሏ ከሞተ ወዲህ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ሱቋን ዘግታ ሲኒማ ቤት ትገባለች፤ የጦርነት ወይም አስፈሪ ፊልም ከሆነ አያመልጣትም። በአስተያየቷም ማንም አይረታትም። "ሦስት ቀን ምሽግ ውስጥ የከረመ ወታደር ኮሌታው እንዴት ተተኩሶ ይታያል?" ትላለች። ስለ አንዱ አስፈሪ ፊልም ደግሞ፣ "ጭራቁን እስካላየሁት ድረስ ነፍሴ ልትወጣ ነበር፤ ሲያሳዩኝ ግን የጀርባው ስፌት ታየኝና ሳቄ መጣ።"

የታናሽ እህቷ ባል በሬዲዮ የፊልም ሰዓት አለው። ሰኞ ሰኞ ሱቋ ጎራ ይልና፣ "እትዬ፣ በዚህ ሳምንት ምን አየሽ?" ይላታል። እሱ ራሱ ደም ሲያይ ስለሚያዞረው ሲኒማ ቤት ደጅ አይደርስም። ረቡዕ ጠዋት የእሷን ቃል፣ የጭራቁ ስፌት እንኳ ሳይቀር፣ የራሱ አድርጎ ያወራዋል። ሁለት ጊዜ "ስሜን ጥራ" ብላዋለች። "ኧረ እትዬ፣ የቤተሰብ አይደል?" ብሎ ሳቀባት።

ችላው ኖራ ነበር። አንድ ረቡዕ ግን ሁለት ደንበኞች ቀሚስ እየለኩ ሳለ በሬዲዮ እንዲህ አለ፦ "የጦር ፊልም ለሴት አይሆንም። የባለቤቴ እህት ልብስ ሰፊ ናት፤ ተኩስ ስትሰማ ሶፋ ሥር ነው የምትገባው።"

ደንበኞቹ በሳቅ ፈረሱ። እሷ መርፌውን ሳታስበው ጣቷ ላይ ሰካችው። ደሟን እየመጠጠች፣ "ቆይ፣ አገኝሃለሁ" አለች በሆዷ።

ብዙም ሳይቆይ አዲስ የጦር ፊልም ወጣ። ዳይሬክተሩ ራሱ ስቱዲዮ ሊጋበዝ ነው ተባለ። ሰኞ የእህቷ ባል እየከነፈ መጣ።

"እትዬ፣ የአሁኑን ፊልም አንድም ሳታስቀሪ ንገሪኝ።"

መጀመሪያውን ሳትጨምር ሳትቀንስ ነገረችው። መጨረሻውን ግን ከራሷ ፈጠረች። "መቶ አለቃው ወንድሙን በገዛ እጁ ይቀብረዋል። አንጀቴን በላው" አለች፤ እንባም አልጠፋትም።

ረቡዕ የሬዲዮውን ድምፅ እስከ መጨረሻው ከፍታ ጠበቀች።

"መቶ አለቃው ወንድሙን ሲቀብር፣ እውነቴን ነው የምልዎት፣ አለቀስኩ" አለ የእህቷ ባል።

ዳይሬክተሩ ጣልቃ ገባ። "የቱን ወንድሙን?"

"ያው... መጨረሻ ላይ..."

"መቶ አለቃው እኮ ፊልሙ ግማሽ ሳይደርስ ነው የሚሞተው።"

"ማለቴ፣ መንፈሱ..."

"ወንድሜ፣ እኔ የሠራሁት የጦር ፊልም ነው፤ መንፈስ የለበትም። ለመሆኑ አይተውታል?"

በመልሱ ፈንታ ሙዚቃ ተለቀቀ። የልብስ ሰፊዋ አንጀት ቅቤ ጠጣ።

በሳምንቱ ሰዓቱ ለሌላ ሰው ተሰጠ። እህቷ ሱቅ ድረስ መጣች፤ ቁጭ እንኳ አላለችም።

"ሆን ብለሽ ነው?"

"አዎ።"

"ለእኔ ብለሽ እንኳ ብትተዪው ምን ነበር?"

"ሶፋ ሥር ሲከተኝ አንቺም ሰምተሽ ስቀሻል።"

እህቷ ገና ያላለቀውን ጉርድ ቀሚሷን ከመስቀያው አውርዳ ወጣች።

እናታቸው ልታስታርቅ ሞከረች። "እሱ በሬዲዮ ነው ያዋረደኝ፤ ይቅርታውንም በሬዲዮ ይበል" አለች ልብስ ሰፊዋ።

"አሁን ሬዲዮ ከየት ያመጣል?"

"እሱማ ነው ነገሩ!" ብላ ሳቋ አመለጣት።

ስለ እሱ አንድም ቀን አልቆጫትም። እህቷ ግን ትናፍቃት ነበር። ልትደውልላት ሁለት ሦስቴ ስልኳን አንስታ፣ እሱ ቢያነሳውስ ብላ መልሳ አስቀምጣዋለች።