የዳዲ ትራስ

ምላሴ ያሳፍረኛል እንጂ እጄ አሳፍሮኝ አያውቅም፤ ልብስ ሰፊ ነኝ። የልጄ ባል እናት የልጅ ልጃችንን ለማየት መጥተው ሦስት ወር ይቀመጣሉ ሲባል ጭንቅ ያዘኝ። እሳቸው ከሂንዲ በቀር አያውቁም፤ እኔ ደግሞ ሂንዲ የሚባል አልነካካኝም። በስልክ ሰላም ልበላቸው ብዬ የሞከርኳት አንዲት ቃል አማቼን በሳቅ ከወንበር ልትጥለው ነበር። ታዲያ ሦስት ወር ሙሉ እንደ ዕቃ ተያይተን ልንቀመጥ ነው? በፍጹም!

ከልጄም ከአማቼም ተደብቄ በስልኬ የሂንዲ ፊደል መቁጠር ጀመርኩ። የእኛ ፊደል በእግሩ ይቆማል፤ የነሱ ግን ገመድ ላይ እንደተሰጣ ልብስ ከላይኛው መስመር ይንጠለጠላል። ደስ አለኝ። ልብስ መስቀል መቼም አያቅተኝም።

«እማ፣ ምነው ስልኩ ላይ ተጣድሽ?» ትለኛለች ልጄ።

«የልብስ ሞዴል እያየሁ ነው» እላለሁ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

በመጨረሻ ነጭ የትራስ ልብስ ላይ በቀይ ክር «ዳዲ» ብዬ ጠለፍኩ። በሂንዲ የአባት እናት ማለት ነው።

እንግዳዬ መጡ። ጥልፉን በጣታቸው ዳበሱት፣ ጉንጬን ሳሙኝ፣ ትራሱንም አልጋቸው ላይ አመቻችተው አስቀመጡት። ፊደሎቹ ተዘቅዝቀዋል፤ መስመሩ ከታች ሆኗል። ክው አልኩ። ለካ ማንበብ አይችሉም! ያ ሁሉ ልፋቴ ገደል ገባ ብዬ ተናደድኩ፤ ወዲያው ደግሞ በራሴ አፈርኩ።

በማግስቱ ልጆቹ ሥራ ሲሄዱ ጥቁር ጨርቅ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋሁ። ልብስ በማሰምርበት ጠመኔ አግድም መስመር አሰመርኩና አንድ ፊደል ሰቀልኩ። «ዳ» አልኳቸው።

ፊደሉን አዩ፣ እኔን አዩ። «ዳ» አሉ፣ ምላሳቸው ጥርሳቸውን እንዴት እንደሚነካ እያሳዩኝ። የእኔ ዳ ዳ እንዳልነበረ ያኔ ገባኝ። ደጋግሜ ሳስተካክለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ቀጥዬ «ዲ»ን ሰቀልኩ።

ጠመኔውን ከእጄ ወሰዱት። ከሥሩ አስመስለው ጻፉ፤ አንዱን ጠሩ፣ ሌላውን ጠሩ፣ ሁለቱን አገጣጠሙ። ከዚያ ደረታቸውን መትተው «ዳዲ!» ብለው ሲጮኹ ሕፃኗ ከእንቅልፏ ባነነች። እኛም ሳቅንም አለቀስንም።

ልጅቷን አቅፌ ስዞር የሉም። መኝታ ቤት ገብተው ትራሳቸውን እያዞሩ ነበር።