የባዝራዋ ጎረቤት

«ጠራጊዋን ተዋት፤ እሷ ምን ታውቃለች?» አለ የጋጣው ኃላፊ ለሐኪሙ። ጠራጊዋ የኃላፊው የገዛ እናት ናት። አሮጊቷ መጥረጊያዋን ጨብጣ ቀረች። ሠላሳ ዓመት ፋንድያ የዛቀችው፣ እሱንም በዚያው ያስተማረችው፣ ሰው ፊት «ጠራጊዋ» ለመባል ኖሯል!

ባዝራዋ የበሩን እንጨት ትግጣለች። መጋጡን ስትተው ደግሞ ባለችበት ቆማ ግራና ቀኝ ስትወዛወዝ ትውላለች። ከመክሳቷ የተነሳ ጎድኗ ይቆጠራል። ሐኪሙ ጥርሷን አየ፣ ሆዷን አዳመጠ።

«መቼ ጀመራት?»

«ወር ይሆናታል» አለ ልጅየው።

«ሃያ ሁለት ቀኗ ነው!» አለች አሮጊቷ። «በሁለቱ ጋጣ መሃል ያለውን ክፍተት በሳንቃ ከደፈናችሁባት ቀን ጀምሮ። ጎረቤቷን ፈረስ እንኳ እንዳታይ አደረጋችኋት። እናንተስ ብቻችሁን ቢዘጋባችሁ እንጨት አትግጡም?»

ሐኪሙ ፈገግ አለ። የሚያደነዝዝ መድኃኒት በብልቃጥ ሰጥቶ ሄደ። ልጅየውም ብልቃጡን ለእናቱ አቀበላት። «ጠዋትና ማታ አጠጫት። በሳምንት ካልተሻላት ለቄራ ትሸጥ ብለዋል ባለቤቱ።»

አላጠጣቻትም። ልጇ ዞር ሲልላት ሁለት ሳንቃ ፈነቀለች። ድርቆሹንም በአንዴ መከመሩን ትታ በቀን አራቴ ትሰጣት ጀመር። ጠዋት ጠዋት ግቢውን አዞረቻት። በሦስተኛው ቀን ባዝራዋ አንገቷን በክፍተቱ አሻግራ የጎረቤቷን ጋማ በጥርሷ ታክለት ጀመር። በአምስተኛው ቀን ጆሮዋን ጣል፣ አንድ እግሯን አረፍ አድርጋ አንቀላፋች።

በሰባተኛው ቀን ልጇ በስልክ ሲያወራ ሰማችው። «አዎ ጌታዬ፣ መድኃኒቱ ፍቱን ነው! እኔው ራሴ እያጠጣኋት...»

ስልኩን ዘግቶ መዶሻና ምስማር ይዞ መጣ።

«እማዬ፣ እስቲ ዞር በይ፤ ሳንቃውን ልመልሰው። ሰውየው ከሰዓት ይመጣሉ። ተነቅሎ ካዩ፣ መጀመሪያውኑስ ማን አስደፈነው ብለው እኔን ነው የሚይዙኝ።»

«ዛሬ እማዬ ሆንኩ? ሰው ስለሌለ ነው?»

«አሁን ይሄን ምን አመጣው? መድኃኒቱ እንደሆነ አድኗታል።»

ከሽርጧ ኪስ ብልቃጡን አውጥታ መዳፉ ላይ አኖረችለት። ማሸጊያው እንኳ አልተነካም። አገላበጠው፤ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ባትድን ኖሮስ?»

«እኔን ትሸጡኝ ነበራ!»

ባልዲ ገልብጣ ክፍተቱ ሥር ቁጭ አለች። ከራሷ በላይ ሁለቱ ፈረሶች አፍንጫ ለአፍንጫ ገጥመው ይተነፍሳሉ።

«ምስማርህን መምታት ካማረህ እኔ ላይ ምታ። ካልሆነ ለሰውየህ ደውል፤ አሁኑኑ፣ እየሰማሁህ። ያስደፈንኩት እኔ ነኝ፣ የነቀለችው እናቴ ናት በላቸው። ጠራጊዋ እንዳትል። እናቴ በል።»