ያልተሸፈነው ሥር

ዳኛው ባለፈው ዓመት ለነዝሚያ የተናገሩት ቃል አጭር ነበር። "በሁለት ዓመት ውስጥ ዓኩብ ሲቆርጡ እንደገና ቢያዙ ሦስት ወር ይታሰራሉ።" ዓኩብ በኮረብታው የሚበቅል፣ እንዳይቆረጥ በሕግ የተከለከለ እሾሃማ የዱር አትክልት ነው። ሦስት ወር ለሌላ ሰው ያልፍ ይሆናል። ባሏን ሹክሪን ግን ግማሽ አካሉ ከሞተ ወዲህ በየሦስት ሰዓቱ የሚያገላብጠው ከእሷ ሌላ ሰው የለም። ልጃቸው ዋዲዕ ጀርመን ነው። ሳይገላበጥ ውሎ ካደረ ጀርባው እንደሚቆስል፣ ቁስሉም እንደሚገድለው ሐኪሙ ሳይደብቅ ነግሯታል።

ታዲያ ምን ቆርጧት ነው ኮረብታ የወጣችው? ሹክሪ መብላት አቁሞ ነው። እርጎ ስታቀርብለት አፉን ይገጥማል፣ ሾርባ ስታቀርብለት ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። በእርሻ የሚበቅለውን ዓኩብ ከገበያ ገዝታ፣ እሾሁን ለቅማ፣ በሽንኩርትና በወይራ ዘይት ብትጠብስለት አንዴ አላምጦ ተፋው።

"ይሄ የዓኩብ ፎቶግራፍ ነው" አለ በተጣመመ አፉ።

"የኮረብታው ቢሆን ትበላለህ?"

"የኮረብታው ቢሆን አንቺንም አብሬ እበላሽ ነበር።" ወዲያው ግን ፊቱ ጠቆረ። "ቀልዴን ነው፣ የዋዲዕ እናት። እንዳትሄጂ።"

በማግስቱ ሦስት ሰዓት ላይ አገላብጣው ወጣች።

ኮረብታው ጭር ብሏል። ሌላ ዓመት ቢሆን የካቲት ሲጋመስ የመንደሩ ሴቶች ሲተራረቡ ከሩቅ ይሰማ ነበር። ዘንድሮ አረንጓዴዋ የዱር ተክል ጠባቂዎች ጂፕ ሁሉንም እቤት አስቀርታለች። አያት ቅድመ አያት ሲበላው የኖረው ቅጠል አሁን ገና ሊያልቅ ነው ተባለ! ቡልዶዘር የኮረብታውን ግማሽ ሲገምሰው ግን ለዓኩቡ ያዘነለት አልነበረም።

ነዝሚያ ዓኩብ ፍለጋ ብዙ ከዞረች በኋላ ጎንበስ ብላ ጀመረች። ቢላዋዋን ከአፈሩ በታች ጣት ያህል ሰዳ ትቆርጣለች፤ ሥሩን ትተወዋለች። ከዚያ በቁርጡ ላይ አፈር መልሳ በመዳፏ ትጠቀጥቃለች። ፀሐይ የመታው ሥር ይደርቃል፣ የሸፈኑት ለከርሞ ያበቅላል። በመንደሯ ሥር ሳይሸፍን የሄደ ለቃሚ ሌባ ነው የሚባለው።

ስምንተኛውን እንደቆረጠች የሞተር ድምፅ ሰማች። ከረጢቷን አንጠልጥላ ከአሮጌው የድንጋይ ካብ ጀርባ ተጋደመች። የፈሩት ይደርሳል ይባላል። ጂፗ ቆመች። በር ተከፈተ። የጫማ ኮቴ ድንጋዩን እያንኮሻኮሸ ዞረ፣ ቆመ፣ ተመለሰ። በሩ ተዘጋና ጂፗ ከመታጠፊያው ባሻገር ወረደች።

አልሐምዱሊላህ አለች በሆዷ። በወዲያኛው በኩል ብትወርድ ቤቷ ሩብ ሰዓት አይሞላም። ተነስታ አሥር እርምጃ ያህል ሄደች። ስምንተኛው ሥር ፀሐይ ላይ አፉን ከፍቶ እንደቀረ ትዝ አላት።

"ምን አገባሽ፣ ሂጂ" አለች ለራሷ። እግሯ ግን አልሰማትም። አመል ያወጣል ከመሃል፤ ተመልሳ ተንበረከከችና አፈሩን በሁለት እጇ ሰበሰበች።

"ቀስ ብለው ይሸፍኑት፣ አክስቴ። አልቸኩልም።"

ዞር ስትል ጠባቂው ከኋላዋ ቆሟል። ወጣት ነው፤ አረብኛው የገዛ መንደሯ አረብኛ ነው። ጂፗን ከመታጠፊያው ጀርባ አቁሞ በእግሩ ነበር የተመለሰው።

"የት አየኸኝ?"

"አላየሁዎትም። ያየሁት ትኩስ ቁርጥ ነው፣ ክፍቱን። ለቃሚው ሳይሸፍነው እንደማይሄድ አውቃለሁ። አያቴም እንደዚሁ ነበረች።"

ነዝሚያ አፈሩን ጠቅጥቃ ጨረሰችና ተነሳች። መታወቂያዋን ተቀብሎ ቅጹን መሙላት ጀመረ።

"ምን ብለህ ነው የምትጽፈው?"

"የተጠበቀ ተክል ማጥፋት።"

እጆቿን አየች፤ አፈሩ ገና ከጣቶቿ እየረገፈ ነው። "ማጥፋት" አለች።

"እንሂድ፣ አክስቴ። ጣቢያ ይጠብቁናል።"

"ልጄ፣ ባሌ ስድስት ሰዓት ላይ መገላበጥ አለበት። ብቻውን ነው።"

"ስሙን ይንገሩኝ፤ ለሚመለከተው ክፍል አሳውቃለሁ።"

"ሹክሪ።"

ስሙን ከቅጹ ጀርባ ጻፈው። ከዚያ የኋላውን በር ከፈተላት፣ እጇንም ደግፎ በአክብሮት አስገባት። አምስት ሰዓት ተኩል ሆኗል፤ ጂፗም የዞረችው ወደ መንደሩ ሳይሆን ወደ ከተማው ነበር።