ረጀብ አሚን ያለ ዕለት

ወንድሜ ኸይሩ በጨፋ ሮቢት ገበያ የከብት ደላላ ነበር። ገዢና ሻጭ ሲኮራረፉ የሁለቱንም እጅ በግድ ይዞ እያጨባበጠ «በቃ! አላህ በረካ ያድርግላችሁ!» ብሎ ሲጮህ ከብቶቹ ሳይቀሩ ዘወር ብለው ያዩት ነበር። በሽታውም የመጣው በዚያው በጉሮሮው ነው።

መጀመሪያ እንጀራ አልወርድ አለው። «በውሃ አወርደዋለሁ» አለ። ከዚያ ገንፎውም አልወርድ አለ፣ ከዚያ አጥሚቱም። ሚስቱ ዓዲላ ወተት በማንኪያ ስትሰጠው «ጥጃ አደረግሽኝ እኮ» ይላታል። ደሴ ወሰድኩት። ጉሮሮው በመሣሪያ ታየ፣ ከቁስሉም ተቆርጦ ተመረመረ። ሐኪሙ ውጤቱን ለሁለታችንም ነገረን፦ ካንሰር ነው፣ ገና አልተሰራጨም፣ የሚያስፈልገው የጨረር ሕክምና ነው፣ እሱ ደግሞ ያለው አዲስ አበባ ነው። ቶሎ ከተጀመረ ተስፋ አለው አለ። እዚያው እያለን ስልክ ደውሎ ቀጠሮ አስያዘልን።

«ይህን ቀጠሮ እንዳታሳልፉት» አለ። «ካለፈ ወረፋው ወራት ነው።»

ኸይሩ የጤና መድን አባል ነው። መዋጮውን ከሰፈሩ ሰው ሁሉ ቀድሞ ነበር የሚከፍለው። ሌላው ሲያጉረመርም «መድን ማለት በሬው ገደል ሳይገባ ገመድ መግዛት ነው» ይላል። ግን የወረዳችን መድን ውል ያለው ከጤና ጣቢያው፣ ከከሚሴና ከደሴ ሐኪም ቤቶች ጋር ነው። ከአዲስ አበባው ሆስፒታል ጋር ውል የለውም። ውል በሌለበት ቦታ ለመታከም ከመድን ቢሮው የፈቃድ ደብዳቤ ያስፈልጋል። ደብዳቤው ካለ መድኑ ይከፍላል፤ ከሌለ ቤተሰቡ ይከፍላል። የኸይሩ ቤት ያለው ሀብት ደግሞ የእርሻ በሬዎቹ ናቸው።

«በሬዎቹ ከተሸጡ እኔ ድኜ ልጆቼ ይሞታሉ» አለኝ። «ደብዳቤውን አምጪልኝ።»

እኔ ከሚሴ ገበያ ልብስ ሰፊ ነኝ። የመድን ቢሮው ከሱቄ ሩቅ ስላልሆነ ነገሩ እኔ ላይ ወደቀ። ኃላፊው ረጀብ ይባላል፤ ሰባተኛ ክፍል አብረን ተምረናል። ሲያየኝ ከወንበሩ ተነስቶ በኦሮምኛ ሰላም አለኝ።

«ዙሀራ! አካም ጅርታ? ሱሪዬን መቼ ነው የምታሳጥሪልኝ?»

«ደብዳቤዬን የሰጠኸኝ ቀን» አልኩት።

የደሴውን ወረቀት ከላይ እስከ ታች አነበበው፤ ፊቱ ተለወጠ። ኸይሩን ያውቀዋል። ያን ጊዜ ይጽፍልኛል ብዬ ነበር።

«የጤና ጣቢያው ሪፈር የታለ?» አለኝ።

«ከጤና ጣቢያ አልጀመርንም። አልውጥ ሲል በቀጥታ ከሚሴ ሆስፒታል ወሰድነው፤ እነሱ ደሴ ላኩን።»

«ሪፈር ከታች ወደ ላይ ነው የሚሄደው፣ እህቴ። ከታች የጎደለ ከሆነ እኔ ከላይ ምን ላይ ልቀጥለው?»

ቤት ገብቼ ስነግረው ኸይሩ ሳቀ። ድምፁ ያኔ መሻከር ጀምሮ ነበር። «ጤና ጣቢያው ምን ይለኛል? በሬም ዕድሜው የሚታወቀው ጥርሱ ታይቶ ነው፤ እኔም ሄጄ አፌን ልክፈት።» ሄዶም ከፈተ። የጤና ጣቢያው ልጅ በባትሪ አይታው «ከአቅማችን በላይ ነው» ብላ ልትጽፍ ስትል የሪፈር ወረቀት አልቋል ተባለ። ሌላ ቀን ተመለስን፤ ወረቀቱ መጥቶ ማህተም የያዘው ሰው የለም። እንደዚህ እየተባለ ቀጠሮው ወደኛ ይመጣል፤ እኛ ወደ ቀጠሮው አንሄድም።

ረጀብ ጋ ስመለስ ደግሞ ሌላ ነገር ተነሳ።

«እኔ ብቻዬን አልፈርምም። ከውል ውጭ ሕክምና የሚያጸድቀው ኮሚቴ ነው።»

«ኮሚቴው መቼ ይቀመጣል?»

«ሲሟላ።»

«ማን ጎደለ?»

«አንዱ ስልጠና ሄዷል። አንዷ ወልዳለች። አንዱ ዝውውር ላይ ነው።»

«ታዲያ የቀረው ማነው?»

«እኔ» አለ፤ ራሱም አፈረ።

ማታ ማታ ቤታቸው ስገባ ኸይሩ ከመደቡ ላይ ቀና ብሎ «ማል ጄዴ?» ይለኛል፤ ምን አለ ማለቱ ነው። እኔም «ነገ አለ» እላለሁ። እንዲህ እያልን ሰነበትን። በኋላ ቃሉን መጠየቁን ተወና ዓይኑን ብቻ ያነሳብኝ ጀመር። ያ ከጥያቄው ይብስ ነበር።

ይህን ያዩት አጎታችን አያ ዘይኑ ናቸው። አያ ዘይኑ በጨፋ ሸለቆ የታወቁ አስታራቂ ናቸው። ደም የተቃቡ ሰዎች ሳይቀሩ እሳቸው ፊት ተቀምጠው ታርቀዋል።

«አንቺ ልጅ፣ ወረቀት ይዘሽ ወረቀት ጋ ትሄጃለሽ» አሉኝ። «ሰው ጋ ሰው ነው የሚላከው።»

በኛ አገር ነገር ሲከር ሽማግሌ ይላካል። ሽማግሌ ደግሞ ደጃፍ ላይ ቆሞ ጉዳዩን አይዘረግፍም፤ ነውር ነው። ይጠይቃል፣ ይጨዋወታል፣ ጉዳዩን ከዳር ነካ ያደርጋል። መጨረሻ ላይ እጅ ተዘርግቶ ፋቲሓ ይቀራል፤ የቁርኣን መክፈቻ ተነብቦ ዱዓ ይደረጋል። ልጃገረድ የምትታጨው፣ ድንበር የሚካለለው፣ ጠበኛ የሚታረቀው እንዲህ ነው። ፋቲሓ ተቀርቶ አሚን ከተባለ ያ ነገር አልቋል። ከዚያ በኋላ እንደገና ማንሳት የሰውየውን ቃል መጠርጠር ነው።

ከጁምዓ በኋላ አያ ዘይኑ ሁለት ጓደኞቻቸውን አስከትለው ቢሮው ገቡ። እኔ በሩ አጠገብ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ፤ በሩ ክፍት ስለነበር ሁሉንም ሰማሁ። ረጀብ ብድግ ብሎ ወንበሩን ለቀቀላቸው። ስለ እናቱ ጠየቁት። ስለ ዝናቡ፣ የቦርከና ወንዝ ስለጠረገው የማሽላ ማሳ አወሩ። ቀጥሎ አባቱን አነሱ።

«አባትህ ሙሐመድዘይን፣ አላህ ይርሐመው፣ ሰው የማያስጨንቅ ሰው ነበር።»

«አላህ ይርሐመው፣ አያ።»

«እኛም የመጣነው ለኸይሩ ነው። ልጁ ተጨንቋል። አላህ መንገዱን እንዲከፍትለት፣ አንተንም ሰበብ እንዲያደርግህ።»

«ኢንሻአላህ፣ አያ። ኸይሩ ወንድሜ ነው።»

እጃቸውን ዘረጉ። ረጀብም ዘረጋ። ፋቲሓው ተቀራ፣ ዱዓው ረዘመ፣ በየመሐሉ የረጀብ አሚን ከሁሉም ጎልቶ ተሰማኝ። አያ ዘይኑ ሲወጡ ፊታቸው በርቷል።

«አለቀ» አሉኝ።

«ደብዳቤውስ አያ?»

«ፋቲሓ ተቀርቶ ደብዳቤ ይጠየቃል? ልጁን ልታዋርጂው ነው?»

«እጽፋለሁ አለ ወይ?»

«አሚን አለ እኮ! በአባቱ ስም ፊት አሚን አለ! ከእንግዲህ ቢሮው ደጅ እንዳላይሽ። እሱ ራሱ ወደ ሆስፒታሉ ይልከዋል።»

በመጨረሻ የተገኘው የጤና ጣቢያው ሪፈር ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። የዚያን ቀን ለረጀብ ልሰጠው ነበር ሐሳቤ፤ ሽማግሌ ሸኝቶ ሲቆም ወረቀት መዘርጋት አሳፈረኝና ይዤው ተመለስኩ። ኸይሩን ምን ይመስልሃል አልኩት። «እኔ ስንት በሬ ሸጫለሁ፣ አንዱንም በወረቀት አልሸጥኩም» አለ። ደስ ብሎት ወተቱን ጨርሶ ጠጣ። ዓዲላ ልብሱን አጠበች።

አዲስ አበባ የደረስነው በቀጠሮው ቀን ጠዋት ነው። ኸይሩ አዲስ ሸሚዙን ለብሷል፤ እኔ ነኝ የሰፋሁለት፤ አንገቱ ግን ሰፍቶት ነበር። የሆስፒታሉ መስኮት ጋ ስንደርስ የመድን ጉዳይ የምታየው ሴት ስሙን ፈለገች።

«ስሙ አለ። የፈቃድ ደብዳቤው?»

«ከከሚሴ ተልኳል።»

«በምን ተላከ?»

እኔ ምን ልበል? በአሚን ልበላት? ስልኬን አውጥቼ ረጀብ ጋ ደወልኩ። አላነሳም። እንደገና ደወልኩ። ከኋላችን ያለው ሰልፍ ማጉረምረም ጀመረ። በመጨረሻ ሲያነሳ ኸይሩም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረግኩት።

«ረጀብ፣ ደብዳቤው አልደረሳቸውም!»

«የምን ደብዳቤ?»

«የኸይሩ ነዋ! ሆስፒታል ነን፤ መስኮቱ ላይ ቆመናል።»

«ዙሀራ፣ እኔ መች ጻፍኩ?»

«አሚን አላልክም? በሽማግሌ ፊት አሚን አላልክም?»

«ለታመመ ሰው ዱዓ ሲደረግ ምን ልበል? አልልም ልበል?»

እሱ ቀጠለ፤ ያንን ባይቀጥል ይሻል ነበር።

«አንቺስ ለምን ጠፋሽ? ኮሚቴው እኮ ማክሰኞ ተቀመጠ። የሌሎች ሰዎች ጸደቀ። ያንቺ ሪፈር ስላልገባ ማቅረብ አልቻልኩም። ዛሬ ትመጣለች፣ ነገ ትመጣለች እያልኩ ጠበቅኩሽ።»

ሪፈሩ አሁንም እዚያው ቦርሳዬ ውስጥ ነው። እዚያ መስኮት ላይ ቆሜ እጄ ይነካው ነበር። መጮህ አማረኝ፤ ግን በማን ላይ? ረጀብ የጠየቅነውን አልከለከለም፤ በሽማግሌ ፊት ደብዳቤ ብለን አልጠየቅነውም። አያ ዘይኑ ስንት ደም ያደረቁበትን መንገድ ነው የሄዱት። ሴትዮዋም ክፉ አልነበረችም። ተነስታ ሐኪሙ ጋ ሄደች፣ ተመልሳ መጣች፣ ዛሬ ያለ ደብዳቤ ማስጀመር አይቻልም፣ ቀጣዩ ክፍት ቦታ ኅዳር ነው አለችን።

ኸይሩ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። የሚያለቅስ መስሎኝ ስዞር እየሳቀ ነው፤ ድምፅ የለውም እንጂ።

«ደላላው ተደለለ» አለኝ በሹክሹክታ። «ነይ እንሂድ፤ ሰው እያስጠበቅን ነው።»

ደብዳቤውን ከተመለስን በኋላ ወዲያው አገኘሁት። ረጀብ ራሱ ማህተሙን በኪሱ ይዞ፣ እኔን በባጃጅ አሳፍሮ፣ የኮሚቴውን ሰዎች በየቤታቸው አስፈረመ። አራሷ ሴት ልጅዋን እያጠባች ፈረመች። «ቀድሞ ብትነግሩኝ እኮ እዚህ ነበርኩ» አለች። እንዲህ ቀላል ነበር። ይህን ሳስብ እስካሁን ጥርሴን እነክሳለሁ።

ኸይሩ ደብዳቤውን አንብቢልኝ አለ። ቁጥሩን፣ ቀኑን፣ «ጉዳዩ» የሚለውን ሁሉ አነበብኩለት። ሲያልቅ በጣቱ እንደገና ብሎ ምልክት ሰጠኝ፤ ደገምኩት። ያኔ የሚወርድለት ውሃ ብቻ ነበር፤ እሱም ጠብታ በጠብታ። ኅዳርን አላየም። ማሽላው ጎንበስ ባለበት በጥቅምት ቀበርነው።

ለቅሶው ላይ ረጀብ መጥቶ ከዳር ተቀመጠ። አያ ዘይኑ ሲያዩት ተነስተው ወጡ። እስከ ዛሬ «አሚኑን የበላ ሰው» ነው የሚሉት። «አያ፣ ደብዳቤ ጻፍ አላሉትም እኮ» ስላቸው «በኛ አፍ አልነው፤ በሱ ጆሮ አልሰማም» ይሉኛል። ረጀብ በበኩሉ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ «አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ብትመጪ ኖሮ» ይላል። ሁለቱንም እሰማለሁ። ሁለቱም እኔ ጋ መጥተው ነው የሚከሱት፣ ዳኛ የሆንኩ ይመስል።

መዋጮ የሚታደስበት ጊዜ ሲደርስ ዓዲላ ሱቄ መጣች። ጥቁር ሻሿን እንዳሰረች ነው።

«ዙሀራ፣ መድን ቢሮ ትሄጂልኛለሽ? የመድኑን ደብተር ወደኔ ስም ያዙሩልኝ።»

መቀሴን ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩት። «ምን አደረገልንና ነው? ደግሞ ልትከፍያቸው?»

«ለኸይሩ ምንም አላደረገም» አለች። «ትንሿ ልጅ ግን ታስላለች። በሬዎቹን ያኔ አልሸጥንም፤ አሁንም አልሸጥም።»

ሄድኩ። ረጀብ ሲያየኝ ተነሳ፤ ሊያጽናናኝ አፉን ከፈተ። አላስጀመርኩትም። የዓዲላን መታወቂያ፣ የድሮውን ደብተር፣ የቀበሌውን የሞት ማስረጃ፣ የልጆቹን ፎቶ አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩ።

«የጎደለ አለ?»

አንድ በአንድ አየ። «የለም።»

«ጻፈው።»

«ምኑን?»

«ምንም አልጎደለም ብለህ ጻፈው፤ ተሟልቶ ተረክቤያለሁ በል። ቀን አድርግበት። ፈርም።»

«ዙሀራ፣ በኔና ባንቺ መሐል...»

«ጻፍ፣ ረጀብ።»

ጻፈ። ፈረመ። ማህተሙን ቀስ ብሎ ስለመታው ግማሹ አልወጣም። «ድገመው» አልኩት። ደገመው። ወረቀቱን ተቀበልኩና፣ ከኋላዬ ሰው እየገፋኝ፣ ቀለሙ እስኪደርቅ እዚያው ቆሜ ጠበቅኩ።