በእሳት የነጻው ብረት

ወልደጻድቅ የጋለ ማረሻ መስፍ ላይ አጋድሞ ሲቀጠቅጥ፣ መምህር ገብረአብ ጎንበስ ብለው ወደ ዳሱ ገቡ። ሌላ ቀን ቢሆን በዚህ በቀጥቃጭ ደጅ ሲያልፉ ኩታቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው፣ ፊታቸውን ወደ ገደሉ ያዞሩ ነበር። ዛሬ ግን ሰተት ብለው ገቡና ከብብታቸው አንድ ቆልማማ ብረት አውጥተው መሬት ላይ አስቀመጡ።

"ይህን ታውቀዋለህ?"

"አውቀዋለሁ፣ የኔታ። የፈረንጁ ሳቢ ብረት ነው።"

"መሳቡን ትቷል።"

የብረቱን ነገር መላው አንኮበር ያውቀዋል። ባለፈው ጥቅምት አንድ ፈረንጅ ወደ ደብሩ ትምህርት ቤት ጎራ ብሎ፣ ተማሪዎቹ ደበሎ ለብሰው ከጽዱ ሥር በብርድ ሲንቀጠቀጡ አየና አዘነላቸው። አንድ ሣጥን ሰጣቸው። በሣጥኑ ውስጥ ብረት የሚስብ ብረት፣ የፀሐይን ብርሃን ሰብስቦ እሳት የሚያስነሳ መስተዋትና አንዲት ትንሽ ሚዛን ነበሩበት። "ልጆቹ በገዛ እጃቸው እየሞከሩ ይማሩበት። ተመልሼ ስመጣ ሲሠሩበት ካየሁ ለእያንዳንዳቸው ቡልኮ አለብሳለሁ" ብሎ ሄደ። ተመልሶ የሚመጣው ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ ነው።

"ምን አገኘው?" አለ ወልደጻድቅ።

መምህሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ሰይጣን ቢኖርበትስ ብዬ ሰጋሁ። ብረት በእሳት ይነጻል ተብሎ ተጽፏል። ለልጆቹ ከመስጠቴ በፊት ፍም ውስጥ ቀበርኩት።"

"ለስንት ጊዜ?"

"ሦስት ቀን።"

ወልደጻድቅ ሳቁ መጣና ዋጠው። "ሰይጣኑ ይውጣ አይውጣ እንጃ፣ የኔታ። ጉልበቱ ግን ወጥቷል።"

"በል አትቀልድብኝ! ፈረንጁ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ካወቀ ቡልኮውም ይቀራል፣ እኔም ከደብሩ እባረራለሁ። አንተ የብረት ነገር ታውቃለህ፤ እባክህ አድነኝ።"

አድነኝ! ወልደጻድቅ ይህን ቃል ከዚህ አፍ ለመስማት ሁለት ክረምት ጠብቋል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ልጁ ኃይለ ገብርኤል ዳዊት ሊጨርስ ጥቂት ሲቀረው፣ ወልደአረጋይ የሚባል ጓደኛው ሆዱን ታሞ ወደቀ። መምህሩ የታመመውን ጭስ አጥነው "ማነው የበላህ? ተናገር!" እያሉ አስጨነቁት። ሕመምተኛውም በጭሱ ታፍኖ የቀጥቃጩን ልጅ ስም ጠራ። ወልደአረጋይ በሦስተኛው ቀን ድኖ ተነሣ። ኃይለ ገብርኤል ግን በዱላ ተባረረ። ቡዳ የተባለን ልጅ ማን ያስጠጋዋል? እንጀራ ፍለጋ ወደ አረርቲ ቆላ ወረደ፣ ንዳድ ያዘው፣ እዚያው ቀረ። እናቱ ቦሰና ለቅሶ ስትቀመጥ ከጎረቤት አንድ ሰው እንኳ ደጇን አልረገጠም።

"እሠራዋለሁ" አለ ወልደጻድቅ። "ዋጋም አልጠይቅም። ፈረንጁም ሰዉም ባለበት አንድ ቃል ይናገሩልኝ። 'ኃይለ ገብርኤል ማንንም አልበላም፤ በሐሰት አባረርኩት' ይበሉ።"

"ሰው ፊት?"

"የተባረረውም ሰው ፊት ነው፣ የኔታ።"

መምህሩ አንገታቸውን አስግገው ፀሐይዋን አዩ። ቅዳሴው ሊወጣ ነው።

"እሺ፣ እላለሁ።"

"ይማሉልኝ።"

"በመስቀሉ!"

ወልደጻድቅ ብረቱን ፍም እስኪመስል አጋለና ውሃ ውስጥ ነከረው፤ ሦስት ቀን በእሳት የለሰለሰ ብረት መጀመሪያ መጠንከር አለበት። ቀጥሎ የራሱን ሳቢ ብረት ከግድግዳው ሽንቁር አወጣ። የፈረንጁን ጠመንጃ የጠገነለት ጊዜ የተሸለመው ቁራጭ ነው፤ የደከመው በበረታው እንዴት እንደሚታሽም ያኔውኑ ፈረንጁ አሳይቶታል። የቆልማማውን አንዱን ክንድ በቁራጩ በአንዱ ጫፍ፣ ሌላውን ክንድ በሌላው ጫፍ፣ ወደ አንድ ወገን ብቻ እየጎተተ እጁ እስኪዝል አሸው። ሚስማር ቢያቀርብለት ሚስማሩ ዘሎ ተለጠፈ። መምህሩ አማተቡ፣ ብረቱን በኩታቸው ጫፍ ጠቅልለው አነሱና እየተጣደፉ ወጡ።

ቦሰና ከጓዳ ብቅ አለች። "ቃሉን የሚጠብቅ መስሎህ ነው?"

"አይጠብቅም።"

"ታዲያ ምን አቅብጦህ ሠራህለት?"

"ልጆቹ ይልበሱ። ጠቤ ከሱ ጋር ነው፤ ከቡልኮው ጋር አይደለም።" ፊቱን ታጠበ፣ የክት ኩታውን ለበሰና ወደ ደብሩ ወጣ።

ከቅጥሩ በር አጠገብ ሲቆም ሰዉ ቦታ ለቀቀለት። አክብረውት አልነበረም። ተማሪዎቹ ከጽዱ ሥር ተሰልፈው በየተራ ብረቱን እየተቀበሉ ሚስማር ያነሳሉ፣ በመስተዋቱ ደረቅ ሣር ያቃጥላሉ። የወልደአረጋይ ተራ ሲደርስ አምስት ሚስማር በአንዴ አንጠልጥሎ ከልቡ ሳቀ። ወልደጻድቅ ከበሩ ሆኖ ያን ሳቅ ሰማ። ዛሬ እዚያ ቆሞ መሳቅ የነበረበት ሌላ ልጅ ነበር።

የፈረንጁ አስተርጓሚ ይርጋለም ድምፁን ከፍ አደረገ። "ጌታው ደስ ብሏቸዋል። መምህሩ ዕቃውን በደንብ ጠብቀዋል፣ ይመስገኑ ይላሉ።"

"በጸሎት ጠብቄው ነው" አሉ መምህሩ። ዓይናቸው በሩ ላይ ከቆመው ቀጥቃጭ ጋር ተገጣጠመና ቶሎ ብለው ወደ መሬት አቀረቀሩ። የማሉለትን ቃል ዘለው ተማሪዎቹን ለቡልኮው ጠሩ።

ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል፤ ወልደጻድቅም ከቅዳሴ የቀረው ያለ ምክንያት አልነበረም። ቢሆንም አልቸኮለም። ቡልኮው ሲታደል ቆሞ ጠበቀ። የመጨረሻው ተማሪ፣ ከሁሉም የሚያንሰው፣ ቡልኮውን እስከ ጆሮው ድረስ ሲከናነብ አየ። መምህሩ ሰዉን ባርከው ሊያሰናብቱ እጃቸውን አነሱ።

"በምኒልክ አምላክ! ይቁሙ!"

መምህሩ እጃቸውን እንዳነሱ ቀሩ። በንጉሡ አምላክ የተጠራ ሰው፣ ጌታም ይሁን ሎሌ፣ ካለበት ንቅንቅ አይልም። ወልደጻድቅ ሕዝቡን እየሰነጠቀ መጣና የራሱን ኩታ ጫፍ ከመምህሩ ኩታ ጫፍ ጋር ቋጠረው። መምህሩ እሳት እንደነካቸው ሁሉ ተኮማተሩ።

"ጌታው ምንድን ነው ይላሉ" አለ ይርጋለም።

"ክስ ነው" አሉት አንድ ሽማግሌ። "ዳኛ እስኪፈታቸው ድረስ አይለያዩም።"

"ከቡዳ ጋር!" አለች አንዲት ሴት ወደ ኋላ እያፈገፈገች።

መምህሩ ወደ ወልደጻድቅ ጆሮ ተጠጉ። ላብ አጥምቋቸዋል። "እላለሁ! አሁኑኑ፣ እዚሁ እላለሁ፤ ባባትህ ፍታኝ!"

ወልደጻድቅ ከንፈራቸውን አየ። ሁለት ክረምት የጠበቀው ቃል ከጥርሳቸው ጀርባ ተዘጋጅቶ ቆሟል። አንዴ ራራ። ወዲያው ደግሞ ቦሰና ብቻዋን የተቀመጠችበት የለቅሶ ድንኳን ትዝ አለው።

"ትላለህ፣ ገብረአብ። ዳኛ ፊት ትላለህ።" በመጀመሪያው ቋጠሮ ላይ ሁለተኛ ቋጠሮ ደረበ።

ሽማግሌው በጓሮ በኩል የሚወርደውን አቋራጭ በበትራቸው አመለከቱ። "የዳኛው ቤት በዚህ ይቀርባል።"

"አውቃለሁ፣ አባቴ" አለና ወልደጻድቅ ኩታውን ሳብ አደረገ። "እኛ ግን በገበያው መሐል ነው የምንሄደው።"